ልቤን ያመኛል ስንል የት ጋ ነው?

ጥያቄውን መድረኩ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለትርምሱም ተጠያቂው እኔው ነኝ። እሁድ ማታ ነበር። ደብረ ብርሃን መብራት ሄዷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ ደግሞ በግኛለሁ። የሰሜን ሸዋ ልጆች የምንሰባሰብበት መድረክ ላይ፣ ጋቢ ውስጥ ሆኜ ጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ የመንዝ ሰው ናት። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። ታማ እኛ ጋ መጣችና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሁት ነው። እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት አላት። ልቤን አለችው። ያቃጥለኛል፣ ሌሊት ይብስብኛል፣ እህል ሳልቀምስ ስውል ደግሞ ይፋጃል። ልብ የሚለውን ሲሰማ ወዲያው ኢሲጂ፣ የልብ ምት የሚመዘግበውን ምርመራ፣ አዘዘ። ደረቷ ላይ ሽቦ ሲለጣጠፍ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ዓይኗን ጨፈነች። ሰው ፊት ደረቷን ገልጣ አታውቅም። ውጤቱ ደህና ሆነ። ከዚያ የደም ምርመራ፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሐኪም፣ ልብዎ የት ጋ ነው ብሎ ጠየቃት። የጎድን አጥንቶቿ ከሚገናኙበት ትንሽ ዝቅ ብላ ጠቆመች። ጨጓራ ነበር።

ከዚህ ተነስቼ ረዘም ያለ ነገር ጻፍኩ። የኛ ሰው የአካል ካርታ ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ይለያል አልኩ። ምስጢርና ቂም የሚቀመጡት ሆድ ውስጥ ነው። ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፤ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ። የሚያሳዝን ነገር አንጀት ይበላል፤ ደስ የሚል ነገር አንጀት ያርሳል። ፈሪ ሐሞተ ቢስ ነው፤ የደነገጠ ሰው ሐሞቱ ይፈሳል። እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አልቆምኩም። የሸዋ ሰው ራሱን የሚያገኘው ሆዱ ውስጥ ነው፣ ጭንቅላት የፈረንጅ ጣጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። እናንተ ቤትስ ብዬ ዘጋሁት።

1ኛውና 2ኛው መልስ ለአያቴ ምሕረት የለመኑ ናቸው። አሜን ብያለሁ። 3ኛው ከአዲስ አበባ የጻፈ ልጅ ነው። ጎንደሬውም ጎጃሜውም ሆደ ሰፊ ይላል፣ ሰሜን ሸዋ ብቻ ሆድ ያለው አስመሰልከው አለኝ። ልክ ነው። ሞቅ ብሎኝ ነበር።

4ኛዋ ነርስ ናት፤ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ትሠራለች። በጣም በጨዋነት ነው የጻፈችው፣ ግን የጻፍኩትን አፈረሰችው። የመጀመሪያው ሐኪም አልተሳሳተም አለች። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አንዳንዴ ደረት ሳይነካ ከእምብርት በላይ ማቃጠልና ማቅለሽለሽ ሆኖ ይመጣል። በተለይ በሴቶች፣ በአረጋውያንና ስኳር ባለባቸው ላይ። ጨጓራ ነው ተብሎ ከሚታለፍ ኢሲጂ ተነስቶ ደህና ቢባል ይሻላል። ቀጥላ እሷ የምታደርገውን ነገረችን። ማንም ሰው ልቤን ሲላት፣ በአንድ ጣት ያሳዩኝ ትላለች። ብዙው ጣት ጨጓራ ላይ ያርፋል። «ልቤን አጥወለወለኝ» ማቅለሽለሽ ነው። «ወገቤን» ያለ ኩላሊቱን ሊሆን ይችላል። «ብርድ ገባብኝ» ግን ምንም ሊሆን ይችላል፤ ከጉንፋን እስከ ቁርጥማት። «ምች መታኝ» ብሎ የመጣውን ደግሞ ዳማከሴውን ጨርሶ ነው የምታገኘው።

ንዴቴ እዚህ ጋ ከግማሽ በታች ወረደ።

5ኛው የሕክምና ተማሪ ነው። የሆድ ዕቃችን የራሱ የነርቭ መረብ አለው፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አንጀታችን ግድግዳ ውስጥ ተዘርግተዋል፣ አባቶቻችን ይህን ቀድመው አውቀውታል አለ። የመጀመሪያውን ሁሉም ወደደው። በሁለተኛው 6ኛው ተነሳበት። አባቶቻችን ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም፣ የነበራቸው ረሃብ ነው፤ ፈረንጅ አንድ ነገር ባገኘ ቁጥር እኛ እናውቀው ነበር ማለት መቼ ነው የሚቀረን ብሎ ጨጓራውን እንደላጥነው ነገረን። እኔ በበኩሌ ግማሹን ወድጄለታለሁ። ሲከፋህ ሆድህ እንደሚቋጠር ለማወቅ ግን ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ያንን ማንም እረኛ ያውቀዋል።

7ኛው የአብነት ተማሪ የነበረ ነው። ረጅም ነው የጻፈው፣ በግዕዝ እየቀላቀለ። የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት ነው፤ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት። ነፍስ ደግሞ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት። እዚህ ልብ ማለት ፍቅር ማለት አይደለም፣ አእምሮ ነው አለ። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ ልበ ቢስ የሚባለውም የማያስተውለው ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ እግዚአብሔር የሚመረምረው ልብንና ኩላሊትን መሆኑንም አስታወሰ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጋት ነገር ናት። ቅኔ ቤት አብሮት የተማረ ዓይነ ስውር ጓደኛ ነበረው። ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ ስለሆነ፣ ሌሎቹ መልሰው መላልሰው ሲጠይቁ እሱ አንዴ ሰምቶ ይይዛት ነበር። 8ኛው ግዕዙ እንዲተረጎምለት ጠይቋል። እስካሁን አልተተረጎመለትም።

በ9ኛው መልስ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ገቡ። ልጄ ብለው ጀመሩ። ልጄ ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ መጨረሻው አያምርም።

መጀመሪያ ግስ አስተማሩን። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ። በነዚህ ሁሉ ሰውየው አድራጊ አይደለም፤ ነገሩ የሚደርስበት ነው። ረሃቡ ይመጣበታል፣ ብርዱ ይመጣበታል። «ጥርሴን አመመኝ» ሲባል ደግሞ ጥርሱም ሰውየውም አንድ ላይ ተጠቂ ናቸው። ከዚያ ወደ መስማት ሄዱ። እኛ የምንሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም። ሕመም ይሰማናል፣ ብርድ ይሰማናል፣ ደስታም ይሰማናል። «ስሜት» የሚለው ቃል ራሱ «ሰማ» ከሚለው የወጣ ነው። የአካላችን አለቃ ማን እንደሆነ ከፈለግህ ከሆድ ይልቅ ጆሮን ብትጠረጥር ይሻልሃል አሉ።

ከዚያ መጣ ዱላው። የሸዋ ሰው ራሱን የሚያገኘው ሆዱ ውስጥ ነው ብለሃል፤ እስቲ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው አሉ። «ራሱን» ብዬ ነው የጻፍኩት። በአማርኛ ራስ ማለት እኔነትም ጭንቅላትም ነው። ራሴን አመመኝ፣ ራሴን ቻልኩ፣ ራሴን ጠየቅሁ። ጭንቅላትን ለመካድ ጭንቅላትን ነው የጠራሁት። በ10ኛው መልስ ተከላከልኩ። ራስ እኮ ማዕረግም ነው፣ ራስ እገሌ ሲባል ጭንቅላት እገሌ ማለት አይደለም አልኩ። በ11ኛው፣ የሠራዊት አለቃን ራስ ብለን የሰየምነው ጭንቅላት የአካል አለቃ ስለሆነ አይደለም ወይ ብለው በሁለት መስመር ዘጉኝ። ለጊዜው ዝም አልኩ።

የውይይቱ ክር እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ዋናው ነገር ግን ገና መምጣቱ ነበር።

12ኛዋ እህታችን በ2013 ኮቪድ ይዟት ሽታ ጠፍቶባት ነበር። ቡና ስትቆላ ጢሱን ታያለች እንጂ አይሸታትም። መድረስ አለመድረሱን የምታውቀው በፍሬው ቀለም ነበር፤ ሁለቴ አሳርራለች። የተቆላውን ለእንግዶቿ ስታዞር እነሱ ጢሱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ሲስቡ፣ እሷም ላለመታወቅ አብራ ትስባለች። ከአንድ ወር በላይ እንዲህ ኖረች። መጀመሪያ የተመለሰላት ሽታ የኩበት ጢስ ነው። ጎረቤት ምድጃ ሲያያዝ። በረንዳ ላይ ቆማ አለቀሰች።

13ኛዋ ያው ሽታ እሷንም እንዳስለቀሳት ጻፈች፣ በሌላ ምክንያት። ያደገችው በአንጎለላ በኩል ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዳ ማደሪያ ክፍል ደረሳት። ሻንጣዋን ስትከፍት አንዷ ልጅ አንዲት ቃል ሳትናገር ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። በቃ፣ ይኼው ነው የሆነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሷን በኦሞ ሁለት ሁለት ጊዜ ታጥብ ነበር። ኩበት ግን ቶሎ አይለቅም። እናቷ ስትሸኛት የሰጠቻትን ነጠላ ፌስታል ውስጥ ከትታ፣ ጥብቅ አድርጋ ቋጥራ ሻንጣው ሥር ደበቀችው። እናቷ ካረፈች በኋላ ፌስታሉን ፈታችው። ሽታው እንዳለ ነው። አሁንም ቋጥራ አስቀምጣዋለች፤ በዓመት አንዴ ትፈታዋለች። ቶሎ ቶሎ ከተፈታ እንደሚያልቅ ታውቃለች።

እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ጋቢዬን አሸተትኩ። ምንም የለውም። ሳሙና ሳሙና ይላል።

14ኛው ሰውዬ ግን ኩበት ኩበት ነው፣ ድህነትን አታቆንጁት አለ። 15ኛው መልስ ከ13ኛዋ ነው። በልጅነቱ የበላውን እንጀራ እናቱ በምን እንደጋገረችለት ጠየቀችውና አፍንጫውን እንዲልስ መከረችው። አድሚኑ ሊያጠፋው ፈልጎ፣ ከርዕሱ ጋር ስለሚሄድ ተወው። ነርሷ በ16ኛው ተመልሳ መጣች። ሰውዬው ቋንቋው ይከፋል እንጂ አንድ እውነት አለው አለች፤ በዝግ ማዕድ ቤት የኩበት ጢስ የሴቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ እሷ ጋ የሚመጡት እናቶች ሳል ከዚያ ነው። 13ኛዋ አላመሰገነችም፣ አልተቃወመችምም።

ከዚያ ሁሉም የሽታ ሰው ሆነ። 17ኛው የረጠበ ባናን ጠቀሰ። የመንዝ ባና ከበግ ጠጉር ስለሚሠራ ዝናብ ሲነካው በጉ ተመልሶ ይመጣል አለ። ሌላው የደብረ ብርሃን አረቄ ቤት በጠዋት ሲያልፉበት፣ ሌላው በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ። አንዱ ባና አሁን ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። መለሱለት፤ ተወዷል ብሎ ሄደ። የሕክምና ተማሪው በ18ኛው ሳይንሱን ይዞ ተመለሰ፣ አሁን ግን ጠንቀቅ ብሎ። የሰው አፍንጫ ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉት። እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት ሳይንቲስቶች በ2004 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። የሽታ መልእክት ደግሞ ከሌሎቹ ስሜቶች በአጭር መንገድ ትዝታና ስሜት ወደሚሠራባቸው የአንጎል ክፍሎች ይደርሳል። ፌስታሏን የሚያብራራት ይኼ ነው አለ። አባቶቻችን አላለም።

19ኛው የደሴ መስመር ሹፌር ነው። አምስት የስሜት ሕዋሳት የምትሉት ጣርማ በርን አልፋችሁ ስለማታውቁ ነው አለ። ከደብረ ብርሃን ሲነሳ ተሳፋሪው ሁሉ ተጀቡኗል። ጣርማ በር ላይ ጉም መኪናውን ይውጠዋል፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ሲጀምር የሁሉም ጆሮ ይዘጋል። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቅ አይሰሙትም። ምራቅ ዋጡ ይላቸዋል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጋቢው ጉልበት ላይ ነው፣ ሹራቡ ወንበር ላይ ነው፣ ላቡ ግንባር ላይ ነው። በአንድ ጠዋት የሦስት አገር ሰውነት ይላል እሱ። 20ኛው ይህን ደገፈ፤ አምስት ብሎ የቆጠረው አርስቶትል ነው፣ ሚዛናችንን የሚጠብቅልን የውስጥ ጆሮ ብቻውን ስድስተኛ ያደርገዋል አለ። ምላስም ጫፉ ጣፋጭ፣ ጎኑ ኮምጣጣ የሚለው የትምህርት ቤት ሥዕል ስህተት ነው፤ በ1901 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት በተሳሳተ መንገድ ተስሎ የተረፈን ነው። ሁሉም ጣዕም ምላስ ላይ ሁሉ ይታወቃል።

21ኛዋ አያቷ ሸማ ለመግዛት ገበያ ሲወጡ ረጅሙን አጎቷን ይዘው ይሄዱ እንደነበር አጫወተችን። የሚለካው በክንድ ነዋ፤ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ። አጎቷ ክንዱን ሲዘረጋ ነጋዴው ፊቱ ይጠቁራል። በመጨረሻ ነጋዴው አጭር ልጁን አምጥቶ አስቀመጠ። የአብነቱ ተማሪም ጨመረበት። በጾም ወራት ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን ለማወቅ የራስን ጥላ በጫማ ይለኩ ነበር። ለዚህኛው አጭር ሰው አይጎዳም፣ እግሩም ያጥራላ።

22ኛው ላይ ነገር ተበላሸ። አንዱ ከስሜት ሕዋሳት ሁሉ ኃይለኛው ዓይን ነው፣ ሰው በዓይን ይበላል ብሎ ስለ ቡዳ መጻፍ ጀመረ። እነማን እንደሆኑም ሊጠቁም ዳዳው። 23ኛው መልስ በዚህ ክር ውስጥ ካሉት ሁሉ የተቆጣው ነው። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናት። ገበያ ላይ ሴቶቹ ጀበናዋን አንኳኩተው፣ ድምፁን ሰምተው፣ ተከራክረው ይገዛሉ። የልጃቸውን ፊት ግን በነጠላ ይሸፍናሉ። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ያያል። ዓይን ይበላል ካላችሁስ የኔን ዓይን ማን በላው ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰዎች ቀልድ ነው እኮ ሊሉት ሞከሩ። አድሚኑ 22ኛውን አጠፋው። ደግ አደረገ። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ የአካል ካርታ ብዬ ስቦርቅ፣ ካርታው ላይ ማን እንደተገፋ አላሰብኩም ነበር።

25ኛው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ወሬ ለማስቀየር ይመስለኛል የገቡት። በግራ እጅ ስለሚያጎርሱ ልጆች ተማረሩ። ድሮ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል ነበር፤ አሁን ሦስት አጉርሰውህ ሦስቱም በግራ ነው። በደህና ቤት ያደገ ሽማግሌ በግራው ስኒ እንኳ አይቀበልም አሉ። 26ኛው ግራኝ ነው። ሦስተኛ ክፍል እያለ አስተማሪው ግራ እጁን በማስመሪያ ይመታው ነበር። በቀኙ መጻፍ ለመደ። ዛሬም የሚጽፈው በቀኙ ነው፤ የሚስለው፣ የሚጠርበው፣ ጥፍር የሚቆርጠው ግን በግራው። ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ግራ እጁን ጭኑ ሥር ያስገባዋል። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ከ27ኛው እስከ 30ኛው ያለውን ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ዶሮ 12 ብልት ነው ወይስ አይደለም፣ የመንዝ በግ ላቱ ስንት ኪሎ ይወጣዋል የሚል ነው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ስለሆነ ከተማችን የዓይን ልጅ ናት ያለም አለ። በጉን ያመጣው ሰው ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል።

31ኛው የኔ ነው። ቅዳሜ ቡና ላይ አያቴን ጠየቅኳት። እምዬ፣ ልብሽ የት ጋ ነው አልኳት። ያቺኑ ከጎድን ሥር ያለችውን ቦታ አሳየችኝ። ሆድሽስ? ወረደች። አንጀትሽስ ስላት ሳቀችብኝ፤ የማይታይ ነገር እንዴት ይጠቆማል አለች። የመጨረሻውን በተንኮል ነው የጠየቅኳት። ሰው ነገር የሚያሰላስለው በየት ነው? አላመነታችም። ሻሿ ላይ፣ ከግንባሯ በላይ፣ በጣቷ ሁለቴ መታ መታ አደረገች። በራሱ ነዋ፣ በምን ሊያስብ ነው ብላ እንደ ጅል አየችኝ። ይህንኑ እንዳለ ጻፍኩት። መምህሩ አልተኩራሩም፤ አንድ የቡና ስኒ ምልክት ብቻ አስቀመጡ።

32ኛውን የጻፉት 25ኛው ሽማግሌ ናቸው። በየትኛው እጃቸው ነው የጠቆሙት ብለው ጠየቁኝ። በቀኟ ነው፣ አባባ፣ አልኳቸው። ስኒውን በግራዋ ይዛ ነበር።